እግሬን ያዋስኩበት ሳምንት

«ትርሲት፣ እግርሽን ለአንድ ሳምንት አውሺኝ» አሉኝ ጋሽ መኩሪያ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

ሌላ ሰው ቢሆን ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ከዚያ ነው ወደ ነገሩ የሚገባው። እሳቸው ግን መዶሻ አውሱኝ እንደሚል ጎረቤት ነው የጠየቁኝ። አልገባኝም ነበርና «የትኛውን?» አልኳቸው።

«የትኛውን ትላለች እንዴ! ጤነኛውንማ ምን ላደርገው?»

እዚያ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያኔ በእግሬ ሲሳቅ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ፤ ልማድ ሆኖብኛል።

ይህ የሆነው ጋራዥ ውስጥ ነው። ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ካለ አንድ ትልቅ ቪላ ፎቁ የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ሆኖ፣ ጋራዡ ጋሽ መኩሪያ ለሚመሩት የኪነት ቡድን ተሰጥቶ ነበር። ቪላው በአዋጅ የተወረሰ ነው። የባለቤቱ መኪና ከሄደ ዓመታት ቢያልፉም የዘይቱ ጥቁር ነጠብጣብ ከሲሚንቶው አልለቀቀም፤ እዚያ ላይ ነበር የምንዘፍነው፣ የምንጨፍረው፣ ድራማ የምንለማመደው።

እኔ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ማትሪክ አልመጣልኝም። እናቴ ኦሎምፒያ አጠገብ ባለ አንድ ፔንሲዮን አንሶላ ታጥባለች፤ እኔ ደግሞ ቤት ቁጭ ብዬ እንደ ታሰረች ፍየል በገመዴ ዙሪያ እሽከረከራለሁ። ቀኝ እግሬ ከውልደቴ ጀምሮ ወደ ውስጥ የዞረ ነው። ውስጥ እግሩ ግራውን ያያል፤ የምረግጠው በውጭ ጠርዙ ነው። ቆልማማ ይሉታል። ሕፃን ሳለሁ በጀሶ ቢታሰር ይቃና ነበር አሉ፤ እናቴ ግን ከጠበል ጠበል ይዛኝ ስትዞር አጥንቱ ጠና። ከዚያ በኋላ ያገኘችው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው። የቀሚሴን ጠርዝ ማስረዘም። ልብስ በተገዛልኝ ቁጥር ከሥሩ ቅጥያ ትሰፋበታለች። መሬት እየጠረግኩ ነው ያደግኩት ብል ማጋነን አይደለም።

ኪነቱ ውስጥ ሥራዬ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ማንሾካሾክ ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ተቀምጫለሁ። የአባትየውንም የልጅቷንም የካህኑንም ቃል በቃሌ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ደፍሬ «እኔም ልሥራ እንጂ» ብያቸው ጋሽ መኩሪያ በአዘኔታ አይተውኝ «ድምፅሽስ ድምፅ ነው፤ ግን መድረክ ላይ መሄድ የሚባል ነገር አለ» አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ አልላችሁም። ተናደድኩ እንጂ አላለቀስኩም።

ወደ ጋራዡ ልመለስ። ቅዳሜ በከፍተኛው፣ ከቀበሌያችን በላይ ባለው አስተዳደር፣ አዳራሽ የቀበሌዎች የኪነት ውድድር አለ። የእኛ ድራማ ስለ አንድ ጨካኝ ባላባትና ስለ ጭሰኞቹ ነው። ባላባቱን የሚሠራው ዳዊት፣ በኅብረት ሱቅ ስኳር የሚመዝነው ልጅ ነው። ችግሩ ዳዊት መልከ መልካም መሆኑ ነው። ካባውን ደርቦ ጭራውን እያወዛወዘ ሲገባ ሴቶቹ ይሽኮረመማሉ። ልምምዱን ሊያይ የመጣው ካድሬ እጁን አጣምሮ አይቶ አይቶ «ይሄ ባላባት ያምራል፤ ሰፊው ሕዝብ እንዴት ብሎ ሊጠላው ነው?» ብሎ ሄደ። ጋሽ መኩሪያ ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

«አየሽ» አሉኝ፣ እግሬን የፈለጉበትን ሲያስረዱኝ። «አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። እኔ ቀለም እየበጠበጥኩ ነው ያደግኩት። ጻድቅ ሲሥሉ ፊቱን ወደ አንቺ መልሰው ሁለት ዓይን ይሰጡታል፤ ክፉ ሰው ሲሥሉ በጎኑ አዙረው አንድ ዓይን። ፊደል ያልቆጠረ ባላገር ገብቶ ሲያይ ማን ማን እንደሆነ አይጠፋውም። እኔ ዳዊትን መድረክ ላይ አንድ ዓይን ላደርገው አልችልም። ስለዚህ እግሩን ቆልማማ አደርገዋለሁ። ገና ብቅ ሲል ሕዝቡ ይለየዋል።»

«እኔስ ጋሽ መኩሪያ? እኔ ምን አድርጌ ነው?»

«አንቺን ማን አነሳሽ? አንቺ የኛው ነሽ!»

መልስ ነበረኝ። ግን ከመልሱ የበለጠ ምኞት ነበረኝ። ያለ እኔ ይህን አረማመድ የሚያስተምረው እንደሌለ ገባኝና ዋጋዬን ጠራሁ። «የባላባቱን እግር አስተምረዋለሁ። ግን መድረክ ላይ እወጣለሁ።»

ጢማቸውን አሻሹ። የጭሰኛውን ሚስት የምትሠራው ልጅ ታማ ነበር። «እሺ፣ የጭሰኛው ሚስት። የመጀመሪያው ትዕይንት ላይ ጥጥ እየፈተለች ቁጭ ያለች ናት። ሦስት ንግግር አላት። አትነሳም።»

«አትነሳም» አልኩ እኔም። ተዋዋልን።

ዳዊትን ማስተማር የጀመርኩት ማክሰኞ ነው። መጀመሪያ ሲሞክር ጥርሱን ነክሶ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ እግሩን እንደ ጆንያ እየጎተተ መጣ።

«ማን መታህ?» አልኩት።

«እንዴት?»

«የቆሰለ ሰው ነዋ የምትሠራው። እኔ ምኔም አልቆሰለም፣ አያመኝም። ይሄ እግሬ ነው። አልጎትተውም፤ ከዳሌዬ አንስቼ እጥለዋለሁ። እየኝ።»

ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ከጋራዡ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩለት። በሕይወቴ እግሬን እንዲያይልኝ ብዬ ለሰው ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር። ዳዊት ሳይስቅ አየኝ። ደግሜ እንድሄድ ጠየቀኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ «ትከሻሽ ቀድሞ ነው እንዴ የሚወርደው?» አለኝ። እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር። እውነትም ቀድሞ የሚወርደው ትከሻዬ ነው። እስከ ረቡዕ ማታ አረማመዴን ከእኔ ወስዶ ጨርሷል።

የቀረን ጫማው ነው። ጋሽ መኩሪያ «ያንቺን የሚሰፉልሽ ሰውዬ አንድ ይስፉለት» ብለው ላኩኝ። ሐሙስ ጠዋት ኦሎምፒያ ጀርባ ወዳለችው ቆርቆሮ ቤት ሄድኩ። አባባ ሰይድ ከወሎ መጥተው እዚያች ቤት ውስጥ ያረጁ ጫማ ሰፊ ናቸው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ጫማዬን የሚሰፉት እሳቸው ናቸው። የውጭ ጠርዙን በመኪና ጎማ አወፍረው፣ ቆዳውን ለስላሳ አድርገው፣ በየዓመቱ እግሬን በወረቀት ላይ በእርሳስ እየዞሩ ይለኩኛል። ነገሩን ነገርኳቸው። ወስፌያቸውን አስቀመጡ።

«እግሩ ምን ሆነ ልጁ?»

«ምንም። ጤነኛ ነው። ለተውኔት ነው አባባ።»

«ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ነው የሚጫወተው?»

«ክፉ ሰው።»

«ክፋቱ እግሩ ላይ ነው?»

እሳቸው አሮጌውን ጫማዬን ከመደርደሪያ አውርደው አቧራውን በእጃቸው ጠረጉት። «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ጠማማውን እግር ላሳርፍ ሰፍቻለሁ። ደህናውን ላጣምም አልሰፋም። አላህ ይጠይቀኛል።»

«ተውኔት ነው እኮ! ሲያልቅ ያወልቀዋል።»

«እሱማ ያወልቀዋል። አንቺስ?»

ተናድጄ ወጣሁ። ሽማግሌው ምን አገባቸው እያልኩ መንገዱን ሙሉ ብቻዬን አወራሁ። ለዳዊት አሮጌ ጫማ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን በገመድ አጥብቀን አሠርንለት። ሆነ። እንዲያውም አማረበት።

ሐሙስ ከሰዓት የሰፈሩ ሰው ተጋብዞ ግቢው ሞልቶ ልምምዱን አሳየን። ዳዊት በእኔ አረማመድ ብቅ ሲል ሕዝቡ «እሽሽሽ!» ብሎ አፏጨበት። መጨረሻ ላይ ገበሬዎቹ ሲያባርሩት፣ እሱ እግሩን ከዳሌው እያነሳ እየጣለ ሲሸሽ፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ «ያዙት! ባላባቱን ያዙት!» አለ። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን ኮራሁ። ጥሩ አስተምሬያለሁ ብዬ ኮራሁ።

ዓርብ ጠዋት የራሽን ካርዳችንን ይዤ ኅብረት ሱቅ ሄድኩ። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ፣ ነፍሳቸው ጨዋታ የምትወድ ሴትዮ፣ ዘንቢላቸውን ወደ ላይ አነሱና «ባላባቷ መጣች! መንገድ ልቀቁ!» አሉ።

ሰልፉ ሳቀ። አንዱ ደግሞ ከኋላ «ያዟት! እንዳታመልጥ!» አለ። እንደገና ሳቅ። ክፋት የለበትም፤ ሁሉም ያውቁኛል፣ ትናንት ግቢው ውስጥ የነበሩ ናቸው። እኔም እንደ ልማዴ ልስቅ አፌን ከፈትኩ። ያኔ ነው ከሰልፉ መሃል አንድ የማላውቀው፣ ካኪ የለበሰ ሰውዬ ዞሮ ያየኝ። ድራማውን አላየም። የሰማው «ባላባቷ» እና «ያዟት» የሚለውን ነው። ከእግሬ እስከ ፊቴ አየኝ፤ አልሳቀም።

«የማን ልጅ ናት? የባላባት ዘር ናት እንዴ?» አለ።

ሳቁ ቀጥ አለ። የዚያን ጊዜውን ሰልፍ ለምታውቁ ዝምታው ምን ዓይነት እንደሆነ አልነግራችሁም። እትዬ ጥሩነሽ ዘንቢላቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። «ኧረ ጨዋታ ነው ጓድ፣ የድሃ ልጅ ናት፣ እናቷ ልብስ አጣቢ ናት...» እያሉ ቃላቸው እርስ በርሱ ተደነቃቀፈ። ዳዊት ከሚዛኑ ጀርባ ቆሞ ስኳሩ ከማንኪያው እየፈሰሰ ያየኛል። ስኳሬን ሳልወስድ ተመለስኩ።

እየሄድኩ ስንት ነገር ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ ቅዳሴ ሲረዝምብኝ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች አንድ በአንድ እያየሁ የእኔን እግር እፈልግ ነበር። ከመላእክቱም ከጻድቃኑም አጣሁት። አንድ ቀን አገኘሁት። መልአኩ በረገጠው ሰይጣን ላይ፣ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ዞረው። ለማንም አልተናገርኩም። አሥረኛ ክፍል ሆነን ደግሞ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ሲኒማ ገባሁ። ፊልሙ የፈረንጅ ነው። ገዳዩ ፊቱ ሳይታይ በፊት በጨለማ ኮሪደር የአንድ እግሩ መጎተት ብቻ ይሰማል። አዳራሹ ጮኸ፣ እኔም ጮኽኩ። መብራት ሲበራ ጓደኞቼ እኔን ላለማየት ጣሪያውን ያያሉ። ዘፈንማ ተዉት። የሴት ልጅ አረማመድ ያላወደሰ ዘፋኝ በዚህ አገር አለ? አንዱም ግን እኔን አይቶ አልዘፈነም።

እነዚህን ሁሉ የሠሩት የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። የዳዊትን ግን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አባባ ሰይድ «አንቺስ?» ብለው የጠየቁኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

ቤት እንደገባሁ ለመድረክ የተሰጠኝን፣ እናቴ እንደ ልማዷ ቅጥያ የሰፋችበትን ቀሚስ አወጣሁና እናቴን «መቀሱ የት ነው?» አልኳት። ከሥራ ገና መግባቷ ነው፤ እጇ በሳሙና ተላልጧል።

«ለምን?»

«ቅጥያውን ልቆርጠው።»

«ትርሲት!»

«እማዬ፣ ነገ ጉልበቴ ድረስ ነው የምለብሰው።»

«ሰው ምን ይላል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሸፈንኩትን!»

«ሰው ያለውንማ ዛሬ ሰምቼ መጣሁ። ሸፍነሽውም አሉ።»

ቁጭ አለች። የምትቆጣ መስሎኝ ጠበቅኩ። ከአልጋው ሥር የስፌት ሳጥኗን ሳበች፤ መቀሱን ግን አልሰጠችኝም። ቀሚሱን ከእጄ ወስዳ ራሷ ቆረጠችው። ጠርዙን እየሰፋች «ጠማማ ስፌት እንዳይታይብሽ» ብቻ አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሏል። ካድሬው ከዳኞቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጧል። መጋረጃው ሲከፈት እንዝርቴን ይዤ፣ እግሬን ከቅርጫቱ ጀርባ አድርጌ ቁጭ ብያለሁ። ጋሽ መኩሪያ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የእኔ ቦታ ላይ፣ ጽሑፉን ይዘው ይታዩኛል። ሁለቱን ንግግሮቼን ተናገርኩ። ድምፄ ከኋላው ግድግዳ ነጥሮ ሲመለስ ሰማሁት።

ከዚያ ዳዊት ገባ። ትከሻው ወረደ፣ እግሩ ተነሳ፣ ተጣለ። «እሽሽሽሽ!» አለ አዳራሹ በሙሉ። ዳዊት ጭራውን አወዛውዞ «እህሉስ የታለ?» አለኝ።

የእኔ ሦስተኛ ንግግር ይሄኔ ነው። ተቀምጬ፣ አንገቴን ደፍቼ።

እንዝርቱን አስቀመጥኩ። ቅርጫቱን በእጄ ገፋሁት። ተነሳሁ።

ጋሽ መኩሪያ ከመጋረጃው ጀርባ «ቁጭ በይ! ቁጭ!» ሲሉ እሰማለሁ። ከእኔ እስከ ዳዊት ሰባት እርምጃ ነው። ትከሻዬ ወረደ፣ እግሬ ተነሳ፣ ተጣለ። የእኔ ጫማ ጎማው እንጨቱ ላይ ይጮኻል፤ ጧ፣ ጧ። ፉጨቱ በሦስተኛው እርምጃ ተቋረጠ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ሌላ ሰው «ዝም በል!» አለው። በሰባተኛው ዳዊት ፊት ቆምኩ።

«ጌታዬ፣ እህሉን ወስደዋል፣ በሬውን ወስደዋል። አሁን ደግሞ ምኔን ሊወስዱ መጡ?»

ጽሑፉ ላይ ያለው «አሁን የቀረን እጃችን ነው» የሚል ነበር። የወጣልኝ ግን ይሄ ነው።

ዳዊት እግሬን አየ። ቀጥሎ የራሱን አየ። ከዚያ ጎንበስ አለና፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየው፣ ገመዱን ፈትቶ ጨርቅ የተጠቀጠቀውን ጫማ አውልቆ ወዲያ አስቀመጠው። በባዶ እግሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ካባውን አስተካከለ። ከዚያ በኋላ የነበረው ባላባት፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የሚያስፈራ ነበር። አይጮኽም፣ አያነክስም፤ ቀጥ ብሎ በዝግታ ይሄዳል፣ ፈገግ ይላል፣ ሰው ያስገርፋል። አዳራሹ ማፏጨት ትቶ ትንፋሹን ዋጠ።

መጨረሻው ግን ሌላ ሆነ። ገበሬዎቹ ሳምንቱን ሙሉ የተለማመዱት አንካሳ ለማባረር ነው። ዳዊት በሁለት ጤነኛ እግሩ ሲፈተለክ አጡት! መድረኩን ሦስቴ ዞሩ። አንደኛው ገበሬ በቅርጫቴ ተደናቅፎ ወደቀ። ሕዝቡ ተነስቶ «በዚያ! በመጋረጃው በኩል!» እያለ ይጠቁማል። በመጨረሻ ዳዊት ራሱ አዝኖላቸው ቀስ አለና ያዙት። የዚያን ቀኑን የመሰለ ጭብጨባ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ካድሬው ግን አላጨበጨበም። ከመድረክ ጀርባ መጣና ጋሽ መኩሪያን በጣቱ ጠራቸው።

«የጭሰኛዋም የባላባቱም እግር አንድ ዓይነት ነው። ይሄ ምን ማለት ነው? ጨቋኝና ተጨቋኝ አንድ ናቸው ነው የምትሉት? ደግሞ ባላባቱ መሃል ላይ ዳነ። ማነው ያዳነው?»

ጋሽ መኩሪያ ከንፈራቸው ነጣ። «ጓድ... እግር ነው... እግር ብቻ ነው...»

«እግርማ እግር ነው። መስመሩ ነው የጠፋው። ሰኞ ግምገማ ይደረጋል። ልጅቷ ግለ ሂስ ታቅርብ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «ድምፅ አላት ግን» አለ፣ እዚያ እንደሌለሁ።

ሰኞ የሆነውን ከመንገሬ በፊት፣ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ይህ ከሆነ አራት ዓመት አልፎታል። አሁን በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ትልልቅ ሰዎች ፊደል አስተምራለሁ፤ ቆሜ፣ ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ እየሄድኩ። ቀሚሴ ከጉልበቴ አልረዘመም። እግሬም አልተቃናም፤ ታሪኬን እንዲህ እንድጨርስላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። የተለወጠው ሌላ ነው። በእግሬ ሲሳቅ ቀድሜ መሳቅ ትቻለሁ። ሲኒማ ገብቼ ክፉው ሰውዬ እያነከሰ ሲመጣ እኔ ሸራውን አላይም፣ እናንተን ነው የማየው። አንድ ጥያቄም አለኝ። በሕይወታችሁ የበደላችሁን ሰው እስቲ አስቡት፤ እንዴት ነበር የሚራመደው? እኔ የማውቃቸው ክፉዎች አረማመዳቸው ያምራል። ጋሽ መኩሪያን ግን ከነሱ አልቆጥራቸውም። አባታቸው ያስተማሯቸውን ነው ያደረጉት፤ እኔም ያን ሳምንት ከእሳቸው አልተሻልኩም። እትዬ ጥሩነሽንም አልተቀየምኩም። ግን «ጨዋታ ነው» የምትሉትን ነገር ጨዋታውን የማያውቅ ሰውም እንደሚሰማው አትርሱ።

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋራዡ ውስጥ አግዳሚ ወንበሮቹ በክብ ተደርድረዋል። ካድሬው ከጠረጴዛው ጀርባ ነው። ግለ ሂስ ማለት ሰው ተነስቶ ጥፋቱን በራሱ አፍ የሚናገርበት ነው፤ ጥፋቱ ምን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው የሚነግረው። ጋሽ መኩሪያ በር ላይ ያዙኝና የተጣጠፈ ወረቀት እጄ ላይ አደረጉ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። አንብቢውና ተቀመጪ። በቃ ያልቃል። ስሚኝ ልጄ፣ ሰውዬው ድምፅሽን ወዶታል። ከፍተኛው ኪነት ሊወስድሽ ነው፣ በደሞዝ! በማይክራፎን ታሪክ ትተርኪያለሽ።»

«ከየት ሆኜ?»

«ከመጋረጃ ጀርባ» አሉ።

ደሞዝ። እናቴ የአንሶላ እጥበቱን ብትተውስ? ወረቀቱን ይዤ ገባሁ። ስሜ ተጠራ። ተነስቼ ዘረጋሁት። «እኔ ትርሲት፣ በግል ስሜት ተገፋፍቼ የድራማውን ዓላማ በማደናገሬ...» እስከዚህ አነበብኩ። ድምፄ ጥሩ ነበር። የሚቀጥለው መስመር ላይ «በአካል ጉዳቴ ምክንያት ባደረብኝ የበታችነት ስሜት» ይላል።

ወረቀቱን መልሼ አጣጠፍኩት።

«ጨርሺ እንጂ» አለ ካድሬው።

«ጥፋቴን እናገራለሁ» አልኩ። «ጥፋቴ ቅዳሜ ዕለት አይደለም። ጥፋቴ ማክሰኞ ነው። የክፉ ሰው ምልክት እንደሚሆን እያወቅኩ፣ ሦስት ንግግር ለማግኘት ብዬ እግሬን አዋስኩ። ይሄን አጥፍቻለሁ። አሁን መልሼ ወስጄዋለሁ።»

አንድ ሰው ሳል ያዘው። ጋሽ መኩሪያ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይሄ ግለ ሂስ አይደለም። ተቀመጪ!» አለ ካድሬው።

«ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ፣ ጓድ።»

«ወይ ተቀመጪ ወይ ውጪ። ከወጣሽ ወጣሽ ነው። ከኪነቱም ተሰርዘሻል፣ ከፍተኛውም አይወስድሽም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጋራዡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃያ ሁለት እርምጃ ነው፤ ዳዊትን ሳስተምር ቆጥሬዋለሁ። የዘይቱን ነጠብጣብ አልፌ፣ አግዳሚዎቹን አልፌ ሄድኩ። ዳዊት ተነስቶ ትልቁን የብረት በር ከፈተልኝ። ውጭው ፀሐይ ነው። ቁልቁል ወደ ኦሎምፒያ፣ ወደ አባባ ሰይድ ቆርቆሮ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ።